ውሃ፣ ቤት፣ ዓይን

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። እናንተ ተተይቦ ስለምታነቡት አታዩትም እንጂ፣ ወረቀቱ ላይ ያሉት ፊደሎች ከጠጅ ቤት የወጡ ነው የሚመስሉት። ድሮ በእጅ ጽሑፌ እኮራ ነበር። አሁን መነበቡ ይበቃኛል።

ሰብለ እባላለሁ። ወሰን አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበረችኝ። ባለቤቴ ጌታሁን እዚያው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ሞተር ይጠግናል። አንዲት ልጃችን ቤዛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን አስተምር ነበር። የማስተምረው የጥንት ዕብራይስጥ ፊደላትን ነው። የተማርኩበት ሙያ ሆኖ አይደለም፤ ከመጻሕፍትም ከኢንተርኔትም የለቃቀምኩት ነው። ሰው ግን ይወደው ነበር።

ዳዊት የደገመ ሁሉ በረጅሙ መዝሙር ውስጥ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል የሚሉትን ርእሶች ያውቃቸዋል። እነዚህ ፊደሎች ጥንት ሥዕሎች ነበሩ። አሌፍ የበሬ ራስ ነው። ቤት ያው ቤት ነው። ዳሌት በር፣ ሜም ውሃ፣ ሬስ የሰው ራስ፣ ሺን ጥርስ። የእኛም ፊደል ዘመዳቸው ስለሆነ፣ «ዐ» ክብ የሆነችው ዓይን ስለሆነች ነው፤ «በ»ን ተመልከቷት፣ ጣራና ሁለት ግድግዳ አይደለችም? ስላቸው ተማሪዎቼ ዕድሜ ልካቸውን ያዩትን ፊደል እንደ አዲስ አፍጥጠው ያዩት ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኛ ግን ሥዕሎቹን እያጋጠምን ምሥጢር እናወጣ ነበር። «አብ» የሚለው የበሬ ራስና ቤት ነው፤ በሬ ብርታት ነው፤ ስለዚህ አባት ማለት የቤት ብርታት ነው! ይህን ስል አዳራሹ «አሜን» ይላል። በተለይ ጋሽ ታምሩ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከእኔም በለጡ። የፈለጋችሁትን ሦስት ፊደል ስጧቸው፣ ስብከት ያወጡላችኋል። ላሚኔት አድርጌ የሠራኋቸውን የሥዕል ካርዶች እንደ ካርታ ተጫዋች በጣቶቻቸው መሐል ሲያገላብጡ አሁንም ይታዩኛል።

በዚህ ሁሉ የማትደነቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ እናቴ። እማዬ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት፣ ከጅረቱ አጠገብ ብቻዋን ትኖር ነበር። ውረጂና ከእኛ ጋር ኑሪ ብንላት አሻፈረኝ አለች። በቤታችን የእሷ ቤት ስሙ «ውሃው ዳር» ነው። «ውሃው ዳር ደርሼ ልምጣ» ካልን እማዬን ልናይ መሄዳችን ነው። እማዬ ኦርቶዶክስ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ዳዊቷን ትደግማለች፣ ከዚያ ትደውልልኛለች። ስለ ትምህርቴ ስነግራት ሳቀች።

«ሰብልዬ፣ አሌፍ አሌፍ ነው። በሬ ፈልገሽ ምን ልታርሺበት ነው?»

እኔም ስቄ ነበር። ደግሞም ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ ሳይታወቅብኝ አልቀረም።

አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ወረቀት እየቆረጥኩ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልኩ፤ ቀኝ ጎኔ አልተከተለኝም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሆስፒታሉን ጣራ ነው። ስትሮክ ነው አሉ። ምላሴ ተያዘ። ከምላሴ ይልቅ የገረመኝ ዓይኔ ነው፤ ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ። ቤዛ የሱቄን ታፔላ በስልኳ አንስታ ስታሳየኝ፣ ያየሁት ግድግዳ ላይ የወጣ ጉንዳን ነው። ራሴ ቀለም መርጬ ያሠራሁት ታፔላ።

ያኔ አላለቀስኩም። አንባቢዎቼ፣ ይህን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ፤ ጠንካራ ሆኜ አይደለም። ቀኝ እጄን በመርፌ ቢወጓት አይሰማኝም ነበር፤ ውስጤም እንደዚያው ሆነ። ጌታሁን እጄን ይዞ ሲንሰቀሰቅ፣ ይህ ሰውዬ መሐረብ የለውም እንዴ ብዬ አስብ ነበር።

ወደ ቤት ከመውጣቴ በፊት ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ሴት ለቤዛ፣ «ንግግሩ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ እስከዚያ በሥዕል ተግባቧት» አለቻት። ቤዛ ቤታችን ውስጥ ያለውን ሥዕል ሁሉ ፈልጋ ያገኘችው የእኔኑ ካርዶች ነው። አልጋዬ ላይ ዘረገፈቻቸው። ፊደል የማይገባኝ ሴትዮ ሥዕሎቹን አወቅኋቸው። በግራ እጄ የውሃውን ካርድ ነካሁ፤ ውሃ መጣ። አፉን ነካሁ፤ ምግብ መጣ። በሩን ነካሁ፤ በሩ ተከፈተ። እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ስንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ በትክክል ሠርተውልኝ አያውቁም።

ሰውነቴ ትንሽ ሲረጋጋ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። እማዬ አልመጣችም። እሺ፣ ዳገት ነው፣ አሮጊት ናት። ግን ስልኬም ጠዋት ጠዋት አይጮህም። ስልኬ ራሱ የት እንዳለ አላውቅም። ጌታሁን ጢሙን አልተላጨም፤ በእኔ ሕመም ተጎሳቁሎ ነው ብዬ ነበር። ቤዛ እቤት ስትገባ በር ላይ የሆነ ጥቁር ነገር ከትከሻዋ አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ጎረቤት መጥቶ ሲቀመጥ ወሬው የሆነ ቦታ ላይ ይደርስና ይቆማል።

ዓርብ ዕለት ጌታሁን ከጎኔ ሲቀመጥ ሦስት ካርዶች ብርድ ልብሱ ላይ ደረደርኩለት። ውሃ፣ ቤት፣ ዓይን። ውሃው ዳር ያለውን ቤት ማየት እፈልጋለሁ፤ እማዬን። እኛ ቤት ለኖረ ሰው ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ጌታሁን ካርዶቹን አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ተነሣ።

«ቆይ፣ ውሃ ላምጣልሽ» አለኝ።

ብርጭቆውን አስቀምጦልኝ ወጣ። ጠጣሁት፤ ምን ላድርገው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች ሊጸልዩልኝ መጡ። ሳሎኑ ሞላ። ጋሽ ታምሩ ራስጌዬ ተቀመጡ።

«እህት ሰብለ፣ እንደምን ዋልሽ? መልክሽ እኮ ተመልሷል!»

መልኬ እንዳልተመለሰ መስታወት ነግሮኝ ነበር። ጋሽ ታምሩ ውሃው ዳርን በደንብ ያውቁታል፤ የእማዬ ጣራ ሲያፈስ ከወጣቶቹ ጋር ወጥተው ቆርቆሮ ያስመቱላት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጸሎቱ ሲያበቃ ካርዶቹን ለእሳቸው ደረደርኩላቸው። ውሃ፣ ቤት፣ ዓይን።

ጌታሁን ጫማውን ያይ ጀመር። ከወደ በሩ አንዲት ሴት፣ «መምህርት እያስተማረች ነው!» ብላ ሹክ አለች። ጋሽ ታምሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ውሃ» አሉ። «ወደ ቤት። ከዚያም ዓይን። ወንዝ ወደ ቤቱ ይፈሳል፣ ዓይኖችም ይከፈታሉ! ወገኖቼ፣ ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን የመጣ መልእክት ነው!»

«አሜን!» አለ ቤቱ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አይደለም ማለቴ ነው።

«መንፈስ ነካት!» አለች ሌላዋ።

የዓይኑን ካርድ በጣቴ መታሁት። ደጋግሜ መታሁት። «ዓይን! ዓይን! ራእይ ነው!» ተባለ፤ አንዱ ማልቀስ ጀመረ፤ መዝሙር ተነሣ። እኔ በገዛ ካርዶቼ፣ በገዛ ዘዴዬ፣ በገዛ ተማሪዎቼ አልጋዬ ላይ ነቢይ ሆንኩ። ጋሽ ታምሩ እጃቸውን ዘርግተው ሲያዜሙ ዓይናቸውን ከፊቴ አርቀው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ምን እንደምጠይቃቸው ገብቷቸዋል።

መናደድ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። እዚያ የሚናደድ ሰው ግን አልነበረም። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሰብስቤ ትራሴ ሥር ከተትኳቸው።

እሑድ ጠዋት ጌታሁን ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቤዛ እኔን ልትጠብቅ ቀረች። ሻይ ይዛ ስትገባ ካርዶቹን አወጣሁ። ውሃ፣ ቤት፣ ዓይን፤ አራተኛ በር ጨመርኩ። እንውጣ።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ እሱን ተዪው።»

በሩን ነካሁ።

«ሲሻልሽ እንሄዳለን። ፕሮሚስ።»

በሩን ነካሁ።

«አባቢ ሲሰማ ይገድለኛል እኮ!»

አሁንም በሩን ነካሁ። ምንም የቀረኝ ነገር ስላልነበረ ትዕግሥቴ ማለቂያ አልነበረውም፤ እስከ ማታ ልነካው እችል ነበር። ቤዛ የሻዩን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀምጣ እዚያው አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ኦኬ» አለች። «ኦኬ፣ ማሚ። ግን እዚያ ስንደርስ እኔን እንዳትጠዪኝ።»

ኮንትራት ታክሲ ጠራች። ሹፌሩ ደግ ሰው ነበር፣ ደግፎ አስገባኝ። መገናኛን አልፈን ወደ ዳገቱ ዞርን። ከተማው ከኋላችን ቀረ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጠርዙን ይዘው እየወረዱ ነበር። ቤዛ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ምን እንደምሰማ አውቄዋለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ግን ማወቅና መስማት አንድ አይደሉም። ልቤ በፍጥነት መምታት ነበረበት። በእጄ ዳሰስኩት፤ እንደወትሮው ይመታል።

መኪናው ከሚደርስበት ተነሥተን በቤዛ ትከሻ ላይ ተንጠላጥዬ ቀስ እያልኩ ገባሁ። የእማዬ በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። እማዬ በር ቆልፋ አታውቅም፤ እዚህ ዳገት ላይ ምን ይሰረቃል ባይ ነበረች።

ግቢውን አየሁ። ሣሩ ተረጋግጦ ተኝቷል። ማዕዘን ላይ ትልቅ ድስት የተጣደባቸው ጥቁር ጉልቻዎች አሉ። ዙሪያውን ደግሞ መሬቱ በተራ ተበስቷል፤ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ነቃዩ የረሳው ካስማ ሲባጎው እንደታሰረበት ቀርቷል። ከፊደሎቼ መካከል ዋው የሚባለው ጥንት ካስማ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ እሱ ብዙ አውርቻለሁ፤ ሰማይንና ምድርን የሚያያይዝ ምናምን። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ካስማው ካስማ ነበር። እዚህ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሰው ተቀምጦ ነበር። እኔ አልነበርኩም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።

ከአጥሩ ማዶ የእማዬ ጎረቤት እትዬ ወርቄ ብቅ አሉ። ሲያዩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ውይ ሰብለ ልጄ! ተረዳሽ? እግዚአብሔር ያጥናሽ። መጣሽ በመጨረሻ? በቀብሯ ሳትኖሪ…» ትንሽ ተቆጥተው ነበር፤ ደብቀው ሊናገሩት አልቻሉም።

«እትዬ ወርቄ፣ መናገር አትችልም» አለች ቤዛ። «ታማ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።»

«ታማ?» እትዬ ወርቄ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቤዛን አዩ። «ምን ማለትሽ ነው ታማ? ክፍለ ሀገር ለሥራ ሄዳለች አላላችሁም?»

ቤዛ ግራ እጄን የበሩን መቃን አስያዘችኝና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ኧረ በማርያም! ሴትዮዋ እኮ ስልኳን ታቅፋ እዚህች ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ነው የከረመችው! ኔትወርክ እዚህ ይሻላል እያለች። ሰብለ አኩርፋኛለች አለችኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን አለችኝ። ያን ፊደሏን ቀልጄባታለሁ፣ በሬ ምናምን ብያት፣ እሱ ነው ያስቀየማት እያለች… እኔ ደግሞ ልጅ አያኮርፍም፣ ትደውላለች እላታለሁ። ማታ ደህና እደሪ ብላኝ ገባች፤ ጠዋት አልተነሣችም።»

ቤዛ ታለቅስ ነበር። «እኔ ነኝ ማሚ የነገርኳት። እንዳትደነግጥ ብለን ነው። አባቢም፣ ጋሽ ታምሩም፣ ሁላችንም ነን። ለሷ ያንቺን ደበቅናት፣ ከዚያ ለአንቺ የሷን ደበቅንሽ።»

አየኋት። እጄ መቃኑን ስለያዘ ራሷን ልዳብሳት አልቻልኩም፤ እግሬን አስጠጋሁላት፣ ተደገፈችው። አልጠላኋትም። መጥላትም ጉልበት ይጠይቃል።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡ። ጌታሁን መሄዳችንን ስለሰማ መርዶው በደንቡ ይነገር ብሎ ነው። ጋሽ ታምሩ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆመው፣ «እህት ሰብለ፣ ሰው ሟች ነው፣ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ…» ብለው ጀመሩ። እንዲጨርሱ ተውኳቸው። ሰው የተሸከመውን ያውርድ። ሲጨርሱ ሴቶቹ አለቀሱ፤ እኔ እንግዳ ሆኜ አየኋቸው።

ለቀስተኛው ሲያልቅ ጋሽ ታምሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ካርዶቹን ስትደረድሪ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ያንቺን ሁኔታ እያየሁ… አፌ ላይ የመጣልኝ ያ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው።»

አመንኳቸው። አሁንም አምናቸዋለሁ። ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምቆጣው ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሁሉም ለሁሉም ብሎ ነው ያደረገው።

አንባቢዎቼ፣ በሽተኛ መርዶ አይረዳም የሚለውን ልማድ ያወጣው ሰው ርኅሩኅ እንደነበረ አልጠራጠርም። እኔም ጤነኛ ብሆን ለሌላው ያንኑ አደርግ ነበር። አሁን ግን ቤታችሁ የተኛ ሰው ካለ እለምናችኋለሁ፤ ሲጠይቃችሁ ንገሩት። ሳይጠይቃችሁም አብራችሁት ቁጭ በሉ፣ ይጠይቃችኋል። የሚደነግጥ ልብ ካለው ይደንግጥ። ጤነኛው ዘመድ ደግሞ የታመመበትን ሰው ይወቅ፤ በገዛ ሰው ተጠላሁ ብሎ ከመክረም ድንጋጤ ይሻላል።

ፊደሎቹንም ማስተማር አልተውኩም፤ ማንበብ ቀስ በቀስ ሲመለስልኝ ሐሙሴም ተመለሰ። ግን ምሥጢር አናወጣም። ያን ቤት መጀመሪያ የሣለው ጥንታዊ ሰው ምንም የደበቀብን ነገር ያለ አይመስለኝም። ድምፁ ከአፉ ርቆ እንዲሄድለት ፈልጎ ባጠገቡ ያገኘውን ሣለ፤ ቤቱን፣ በሬውን፣ ዓይኑን። የፈለገው ሰሚ ነው። ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ተሰላችተው ቀሩ። ጋሽ ታምሩ ግን ይመጣሉ፤ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ዝም ይላሉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መርዶው ከተነገረኝ በኋላ የንግግር ልምምድ ስጀምር ባለሙያዋ፣ «ከየትኛው ቃል ወይም ዓረፍተ ነገር እንጀምር? ሰው ብዙውን ጊዜ የልጁን ስም ይመርጣል» አለች። ራሴን በጣቴ አሳየሁ፤ ከዚያ አልጋውን፤ ከዚያ የቤዛን ስልክ። ባለሙያዋ አልገባትም። ቤዛ ግን ወዲያው ገባት።

«ታምሜ ነው» አለች። «እሱን ነው ማለት የምትፈልገው።»

ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ «ታ… ታም…» ስል ጌታሁን ከጓዳ ይሰማኝና፣ «አውቃለሁ የኔ እመቤት፣ ታመሻል፣ ይሻልሻል» ይለኛል። ለእሱ እየነገርኩት ይመስለው ነበር። እኔም እቀጥላለሁ።

ዓረፍተ ነገሩ ሲሞላልኝ ቤዛ እንጦጦ ወዳለው የእማዬ መቃብር ወሰደችኝ። ነፋስ ነበር። ከዘራዬን ተደግፌ ቆምኩ።

«እማዬ» አልኩ። «ታምሜ ነው።»

ዓረፍተ ነገሯ መካከሏ ላይ ትንሽ ተንሸዋረረችብኝ፤ ደግሜ በደንብ አልኳት። ከዚያ መልስ የምጠብቅ ይመስል ጥቂት ቆየሁ።